ቅርፊቱን ጥሎ የሄደው

ተማሪ ሲያርመኝ አልወድም። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ አመሌ አለበትና።

በ1970 ዓ.ም. አዋሽ ሰባት ኪሎ የሳይንስ መምህር ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ አልነበረውም፤ ከመስኮቶቹም ግማሾቹ መስታወት የላቸውም። ያለን ሀብት አንድ ድንጋይ ነበር። እሱንም ያመጣው ጣሃ አማን የሚባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ከድሬዳዋ ወዲህ ሐዲድ ሲጠግኑ ከተናደ የኖራ ድንጋይ መሃል አገኙትና ገርሟቸው ወደ ቤት ይዘውት መጡ። እሳቸው በወባ ከሞቱ በኋላ እናቱ ኑራ የውሃ በርሜሏን ክዳን ነፋስ እንዳይወስድባት ትጭንበት ነበር።

ድንጋዩ ላይ አንድ እንስሳ አለ። ርዝመቱ ስንዝር ይሞላል። የሸርጣን ዘመድ ነው፤ ግን እንደ ሸርጣን ክብ አይደለም፤ ረዘም ያለ፣ ጅራቱ በቀለበት በቀለበት የተከፋፈለ፣ ከፊት ሁለት ትልልቅ መቆንጠጫ ያለው ነው። ያ አገር ባሕር በነበረበት ዘመን፣ ከመቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ከውሃው ሥር ጭቃው ላይ ይኖር ነበር። እኔም ለክፍሉ እንዲህ ብዬ አስተማርኩ፤ አንደኛው መቆንጠጫ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ነው፤ በወፍራሙ የቀንድ አውጣ ቅርፊት እየሰበረ በቀጭኑ ሥጋውን እየቆረጠ ይበላ የነበረ ይመስላል፤ አጠገቡ ያለውን ስብርባሪ ተመልከቱ። ይሄ እንደ ሕፃን ክንድ የወፈረ፣ ጫፉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ነገር ደግሞ ጉድጓዱ ነው። ጭቃውን ቆፍሮ ይደበቅበት ነበር፤ በኋላ ደለል ሞላውና ድንጋይ ሆነ።

“ከዕለታት አንድ ቀን ሞተ፤ ደለሉም ቀበረው” ብዬ ልጨርስ ስል ጣሃ እጁን አወጣ።

“መምህር፣ አልሞተም።”

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

“ጀርባውን ይዩት፤ መሃል ለመሃል ተከፍቷል። ከጅራቱ ጋርም አይገጥምም፤ ወደ ላይ ተነስቷል። ይሄ ቅርፊቱ ነው እንጂ እሱ ራሱ አይደለም። እሱ በዚህ በኩል ወጥቶ ሄዷል። እባብስ ቆዳውን ጥሎ ይሄድ የለ?”

አላየሁትም። ድንጋዩን ዞር ብዬ እንኳ ሳላይ፣ “ጭነት በዝቶበት ነው የተሰነጠቀው። ቁጭ በል!” አልኩት። ቁጭ አለ። በሁለተኛው ሳምንት ከቤቱ ወሰዱት።

ምን እንዳደረገ እስከ ዛሬ አላውቅም። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ በዚያ የቀይ ሽብር ዓመት ይኸው ራሱ ወንጀል ነበር።

ኑራ የወሎ ሰው ናት። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ለሾፌሮች ሻይና ፉል ትሸጣለች። ልጇ ከታሰረ ወዲህ በየቀኑ ረፋዱ ላይ ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ እስር ቤቱ በር ላይ ትሰለፋለች። የትናንቱ ዕቃ ባዶውን ሲመለስላት ልጇ በልቷል፣ አለ ማለት ነው። አርባ ሦስት ቀን ባዶ ዕቃ ተመለሰላት። በአርባ አራተኛው ቀን ዘበኛው ምሳውን አልቀበልም አለ። “ከእንግዲህ ምግብ አታምጪ። ልብሱን ውሰጂ” ብሎ ቋጠሮ ሰጣት። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሆኖም አልፎ አልፎ ወደ ሌላ እስር ቤት ለተዛወረ ሰው ቤተሰብም እንዲሁ ይባል ነበር። ሰዉን የሚገድለው ይህች “አልፎ አልፎ” ነበረች።

ቅዳሜ ቀን ክፍል ውስጥ ብቻዬን ፈተና ሳርም ኑራ ቋጠሮውን በብብቷ ይዛ ገባች። ተቀመጡ ብላት አልተቀመጠችም።

“መምህር፣ ጣሃ ስለዚያ ድንጋይ ነግሮኝ ነበር። እሱ አልሞተም ይላል፤ እርስዎ ሞቷል ብለዋል አሉ። የማናችሁ ነው እውነቱ?”

“በዚህ ጭንቅ ላይ ድንጋይ ምን ያደርግልዎታል፣ እትዬ ኑራ?”

“ይዩልኝ” አለች።

ድንጋዩን ወደ መስኮቱ ወስጄ በአጉሊ መነጽር አየሁት። የጀርባው ስንጥቅ በቢላ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ያለ ነው። ጭነት ሰብሮት ቢሆን ኖሮ ብዙ ቦታ ይፈረካከስ ነበር፤ ጠርዙ ግን አንድ ቦታ እንኳ አልተፈረፈረም። የጀርባው ጋሻ ከጅራቱ ላይ ብድግ ብሏል፤ በመካከሉ አንድ አካል ሊወጣበት የሚችል ክፍተት አለ። እግሮቹ ሁሉ በየቦታቸው ናቸው። ድንጋዩ ሁለት ወር ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ልጁ ከኋላ ወንበር ሆኖ ያየውን እኔ አፍንጫዬ ሥር አላየሁትም። አፈርኩ።

“ልክ ጣሃ ነው። እዚህ ላይ አልሞተም፤ ቅርፊቱን አውልቆ ሄዷል” አልኳት።

“አልሐምዱሊላህ” አለችና ቋጠሮውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። “እንግዲያው ይሄንንም ይዩልኝ። ጎረቤቶቼ ድምፅሽን ሳታሰሚ አልቅሺ ይሉኛል። በሕይወት ያለ ልጅ ላይ ካለቀስኩ ማሟረት ነው። ሞቶም ከሆነ ያለ ዱዓ፣ ያለ ለቅሶ፣ እንደ ውሻ መቅረቱ ነው። ራሱ አውልቆት ነው ወይስ ገፈውት? የድንጋዩን አንብበው የለም? የልጄንም ያንብቡልኝ።”

 ሸሚዙን አነሳሁ። ቁልፎቹ ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ተፈተዋል፤ የተቀደደም የተበጠሰም የለም። ደም ፈለግሁ፤ የለም። ሱሪውን ገለባበጥኩት፤ እሱም ደህና ነው።

“ራሱ ነው ያወለቀው” አልኳት። እውነትም ይመስለኛል። ፊቷ በራ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ደስ አለኝ።

ኑራ ሸሚዙን ተቀብላኝ ማጠፍ ጀመረች። መሃል ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

“መምህር፣ ያ እንስሳ ሲወጣ ራቁቱን ነው የወጣው?”

“የለም። አሮጌውን ሳይጥል በፊት ከሥሩ አዲስ ቅርፊት ያበቅላል። አዲሱ ለስላሳ ስለሆነ እስኪጠነክርለት ድረስ ጉድጓዱ ውስጥ ይደበቃል።”

 ከዚያ ያጠፈችውን መልሳ ዘረጋችው፤ ሌላውንም እያወጣች ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ደረደረችው።

“ይሄ ሲወስዱት የለበሰው ነው፤ ሸሚዝና ሱሪ። ይሄ ቅያሪ የላክሁለት። ይሄ ማታ የሚያሸርጠው ሽርጥ። የውስጥ ልብሶቹ ሁለቱም አሉ። ጫማውም ይኸው።” እጇን በየአንዳንዱ ላይ አሳረፈች። “ሌላ የለውም። ያጠብኩት እኔ፣ የላክሁት እኔ።”

ምናልባት የእስር ቤት ልብስ ሰጥተውት ይሆናል ልል ነበር፤ ግን እዚያ እስር ቤት እስረኛ የሚለብሰው ቤተሰቡ የላከለትን ብቻ እንደሆነ እሷም እኔም እናውቃለን። 

“ያኛው ከሥር ሌላ ነበረው” አለች ኑራ። “የኔ ልጅ ምን ለብሶ ወጣ?”

 “ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን” አለች፤ ሰው ሲሞት የሚባለውን ቃል፣ ቀስ ብላ፣ አንድም ቃል ሳትውጥ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

“በሩን ይዝጉልኝ መምህር። ልጄን ላልቅስ።”

ወጥቼ በሩን ዘጋሁ። ደረጃው በፀሐይ ግሏል፤ ቢሆንም ተቀመጥኩበት።  ከውስጥ የመጣውን ድምፅ ልገልጸው አልችልም፤ ሞክሬ ትቼዋለሁ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እሸቴ ድምፁን ሰምቶ መጣ። እሸቴ የቀበሌው አብዮት ጥበቃም ነው፤ ጠመንጃውን እንዳነገተ ነበር።

“ማነው የሚያለቅሰው? ለፀረ አብዮተኞች ማልቀስ ክልክል መሆኑን አያውቁም?”

ውሸቱ ምላሴ ላይ ነበር። ጊንጥ ነድፏት ነው ብዬው ቢሆን ያምነኝ ነበር፤ በአዋሽ ጊንጥ ሞልቷል። ግን ያን ልጅ አንድ ጊዜ ቁጭ በል ብዬው ነበር። ሁለተኛ ማስቀመጥ አልቻልኩም።

“ኑራ ናት” አልኩ፤ ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። “ልጇ ሞቶባት ነው። ጣሃ ይባላል። ተማሪዬ ነበር።”

እሸቴ በሩን አየ። እኔን አየ። ግቢውን ዞር ብሎ ቃኘ፤ ማንም የለም። ከዚያ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈና፣ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው፣ አንገቱን ደፍቶ ደረጃው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ የዐስር ሰላት አዛን እስኪሰማ ድረስ ሁለታችንም ከዚያ አልተነሳንም።