ሆ ኮንሱላ

ኤሻታ ከማርሴይ የምድር ውስጥ ባቡር ደረጃ ብቅ ስትል ሦስት ፖሊሶች መውጫው ላይ ቆመው ወረቀት ይጠይቃሉ። ወደ ኋላ እንዳትመለስ ሕዝቡ ገፍቶ አውጥቷታል።

የኮሞሮስ ፓስፖርቷን ልታሳድስ ለአገሯ ቆንስላ ከሰጠች ሁለት ወር ሆኗል። ያለ እሱ የመኖሪያ ፈቃዷም አልታደሰላትም። በእጇ ያለችው የዛሬ ቀን ያለባት፣ «መጥተው ይውሰዱ» የምትል ቁራጭ ወረቀት ብቻ ናት። ከያዟት አውሮፕላን ላይ ይጭኗታል። የስድስት ዓመት ልጇን ራህማታን ከትምህርት ቤት ማን ይቀበልላታል?

ጠዋት ጎረቤቷ ዘይነባ ፈረንሳይኛውን አስጠንታት ነበር።

«ስትሄጂ ‹ኦ ኮንሱላ›፣ ስትመለሺ ‹ዱ ኮንሱላ›። ‹አ ላ› ብለሽ ደግሞ እንዳታዋርጂኝ፤ እሱ ለሴት ነው፣ ኮንሱላ ወንድ ነው።»

«ቤት እንዴት ወንድ ይሆናል?»

«እዚህ አገር ጠረጴዛም ሴት ናት፤ እኔን ምን አድርጊ ትይኛለሽ!»

አሁን ግን ልጆቼ፣ ፍርሃት ጥናቱን ሁሉ ጠራርጎ ወሰደው።

«ማዳም፣ ወረቀትዎን» አላት አንዱ ፖሊስ።

«ዱ ኮንሱላ!» አለች፣ ቁራጯን እየዘረጋች።

«ከቆንስላ ነው የሚመጡት? ታዲያ ፓስፖርትዎ የታል?»

«ዱ... ዱ ኮንሱላ!»

ፖሊሱ ወረቀቷን ገለባበጣት። «ፓስፖርቱን ወስደው ቢሆን ይቺ እዚያው ትቀር ነበር። የማን ናት? ወደ ጎን ይቁሙ።» ጓደኛው ሬዲዮኑን ከወገቡ አነሳ።

ኤሻታ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። የራህማታ ፊት ድቅን ሲልባት በገዛ ቋንቋዋ ለፈጣሪዋ ጮኸች፤ መሄዷን ስትነግረው «ሆ ኮንሱላ!» አለች። በነሱ አገር «ሆ» ማለት «ወደ» ማለት ነው።

ፖሊሱ ቀና አለ። «ኦ? ኦ ኮንሱላ? ገና እየሄዱ ነው?»

«ሆ! ሆ!» በጣቷ ወደ ቆንስላው የሚያወጣውን ዳገት አሳየችው።

ሦስተኛዋ፣ ሴቷ ፖሊስ ሳቀች። «አንተም ‹ዱ›፣ ‹ኦ› እያልክ ሰው አታስጨንቅ፤ ወረቀቷ ላይ ያለው ቀን የዛሬ ነው፣ ልቀቃት።»

ኤሻታ እንዳትሮጥ ራሷን እየያዘች ዳገቱን ወጣች። ከሰዓት በኋላ ፓስፖርቷን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ስትወጣ «ዱ ኮንሱላ» ብትል እውነት ነበር። የመኖሪያ ፈቃዷ ግን ገና አልታደሰምና ወደ ባቡሩ አልተመለሰችም። በጓሮ በጓሮ፣ የኮቴ ድምፅ በሰማች ቁጥር እየቆመች፣ እስከ ራህማታ ትምህርት ቤት ድረስ በእግሯ ሄደች።