የሐምዲያ ቅጠል

ሐምዲያ የከበቡሽን በር ገፋ አድርጋ ስትገባ መጀመሪያ ያወቀችው ሽታውን ነው። አረንጓዴ ሻይ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከሷ በቀር ይህን ቅጠል የሚያፈላ አልነበረም። አባቷ በሕይወት ሳሉ ከባሕር ማዶ ከኤደን ወደብ ያስመጡት ነበር፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ አሰብ ያሉት የአጎቷ ልጆች ይልኩላታል። ተቅማጥ ለያዘው ጎረቤት አወፍራ አፍልታ ትሰጣለች፤ ምሬቱ ሆድ ይቋጥራል።

ከበቡሽ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። መደቡ ላይ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች፤ ግንባሯ ይፋጃል።

«ከክሊኒክ የሰጡሽ የወባ ክኒን የት አለ?»

«ጣልኩት፣ እትዬ ሐምዲያ። ገላዬን አሳከከኝ። ጋሼ ንጉሤ ይኼ ቅጠል ይሻልሻል ብለው ሰጡኝ።»

ንጉሤ የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ ነበር። በሰኔ ሆዱን ታሞ ቤቷ መጥቶ ሻዩን ጠጥቶ ተሻለው። ምን እንደሚያድን፣ ከማን እንደሚመጣ ሲጠይቃት ሳትደብቅ ነገረችው። አሁን በመስከረም ወባው አገሩን ሲያምሰው ሥራውን ትቶ፣ ነጭ ጋዎን ለብሶ ገበያ ተቀምጦ ቅጠሉን የወባ መድኃኒት ነው እያለ ይሸጣል።

ከበቡሽን በቃሬዛ ክሊኒክ አደረሷት። በሽተኛ የሚያክመው ድሬሰር የወባ መርፌ ወጋት። እሷ ተረፈች፤ ጽንሱ ግን ወረደ።

«ሁለት ቀን ቀደም ብላ ብትመጣ» አለ ድሬሰሩ፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ።

በገበያው ቀን ሐምዲያ ሰዉን እየገፋች ንጉሤ ፊት ቆመች። ሁልጊዜ አንቱ ትለው ነበር።

«አንተ» አለችው፣ «ከበቡሽ የሆነችውን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ። የአምላክ ሥራ ነው። ደግሞ መድኃኒት ነው ያልሽኝ ራስሽ ነሽ።»

«ለሆድ ነው ያልኩህ። እንቅልፍ ያባርራል ብዬሃለሁ። ወባ ያድናል ብዬሃለሁ?»

«ሆድ ያዳነ ደም ለምን አያድንም? የወባው ክኒንስ መራራ አይደል?»

ሐምዲያ ወደ ሰዉ ዞረች። «ቅጠሉ የኔ ነው፤ በሱ ነው ያደግሁት። ወባን አይነካም። ክኒናችሁን እንዳትጥሉ።»

«በይ ልጄ፣ የሰው እንጀራ አትዝጊ» አሏት አንድ ሽማግሌ። አጠገባቸው የቆመች ሴት የገዛችውን የቅጠል ጥቅል ከነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ሄደች። ሐምዲያን ከሁሉ ያበገናት ይኼ ነው።

ከክሊኒክ የወጣችው ከበቡሽም ልትጠይቃት ስትሄድ ከበር መለሰቻት። «ቅጠሉ ያንቺ ነው» ብቻ ነው ያለቻት። የሐምዲያ ንዴት ባሰ።

ለአጎቷ ልጆች ቅጠሉን ለንጉሤ እንዳይልኩ ደብዳቤ አስጻፈች። እሱ ግን አስቀድሞ አንድ ጆንያ አስገብቷል። ስለዚህ በየገበያው የመቀመጫ ዱካ ይዛ እየመጣች አጠገቡ ትቀመጥ ጀመር። ለሚገዛው ሁሉ ያንኑ ትናገራለች። ይሰድባታል፤ ትናገራለች። ዘበኛ ጠራባት፤ ዘበኛው ግን እሷን ሰምቶ ሚስቱ የገዛችውን ጥቅል አምጥቶ ንጉሤ ፊት ደፋው።

በጥቅምት ንጉሤ ጆንያውን ተሸክሞ በደሴ መንገድ ካለው ካራቆሬ ገበያ ገባ። ሐምዲያ ይህን ስትሰማ ልብስ እያጠበች ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ዱካዋን አነሳች፣ መንገድ ዳር ወጥታ ወደ ደሴ የሚሄደውን አውቶቡስ አስቆመች።