የትርሲት ስፌት

ትርሲት ከውፍረቷ ለመገላገል አዲስ አበባ ጨጓራዋን አስቆርጣ ቢቸና ስትመለስ፣ አክስቷ ወይዘሮ ማናለሽ ሆዷን ገልጠው አዩ። ሽምብራ የሚያካክሉ ጠባሳዎች ብቻ! እሳቸው ሞጣ ላይ የሐሞት ጠጠር ሲወጣላቸው እንደ ጆንያ ነበር የተተረተሩት።

"ይሄ ደግሞ ኦፕራሲዮን ነው?"

"በትናንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው ስለሠሩት ነው እንጂ ውስጡ ያው ነው፣ እታለም። ገና ፈሳሽ ብቻ ነው የተፈቀደልኝ።"

"ወግጅ! በሞቴ!" ብለው ዶሮ ወጡን በእንጀራ ጠቅልለው አጎረሷት። በሞቴ ተብላ እምቢ የምትል የቢቸና ልጅ አልተወለደችም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ደገሙላት።

በማግስቱ ትርሲት በትኩሳት ነደደች፤ የተሰፋው ጨጓራዋ አፍስሶ ነበር። ሐኪሞች ሆዷን ከደረቷ ጀምረው ቢከፍቱትም አልተረፈችም።

አስከሬኗ ሲገነዝ ወይዘሮ ማናለሽ ስፌቱን አዩት። ልክ የሳቸውን ያህል ነበር።