በሩ ላይ ያለው ታፔላ

ሠራተኞቹ «ዝምቴ» ይሉታል፤ ከአፉ ቃል ለማውጣት ጉጠት ያስፈልጋል እያሉ ይቀልዱበታል። ሥራው ኮንትራክተርነት ነው። በሃያ ሁለት ዓመት አርባ አንድ ቤት ሠርቶ አስረክቧል፤ አንዱም አልተሰነጠቀም፣ አንዱም አላፈሰሰም። ቁልፍ በሚያስረክብበት ቀን ግቢውን ራሱ ጠርጎ፣ የወደቀች ሚስማር ሳትቀር ለቅሞ፣ እግሩ የረገጠው እስከማይመስል አጽድቶ ይወጣል። ታፔላ አይሰቅል፣ ፎቶ አያነሳ፣ ካርድ አያሳትም። የቢሮ ሥራውን የያዘችለት ልጁ ሦስት ዓመት ሙሉ ጨቀጨቀችው። «አባዬ፣ አንተ እንደሠራኸው ሰው በምን ይወቅ?» ስትለው፣ «ቤቱ ቆሞ የለም እንዴ?» ይላታል። ኩራት ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም፤ እሱ ግን ትሕትና ይመስለው ነበር።

ዘንድሮ ሥራ ድርግም ብሎ ጠፋ። አሥር ዓመት ያልተለዩት ስምንት ባለሙያዎች መሣሪያቸውን ይዘው በየጠዋቱ ይመጣሉ፣ ተቀምጠው ይውላሉ። በመጨረሻ አንድ ክሊኒክ ሊሠራ ነው ተባለ፤ አሠሪው ኮሚቴ ዋጋውን ወደደለት። የጠየቀው እስከ ዓርብ ድረስ የሦስት ቤት ፎቶና ከየባለቤቶቹ የተፈረመ ምስክር ወረቀት ብቻ ነበር። ይህ ካመለጠ ቅዳሜ ስምንቱን እንደሚበትናቸው ያውቃል፤ እነሱም ያውቃሉ።

ሁለቱ በስንት ፍለጋ ተገኙ። የሌሎቹ ባለቤቶች ወይ ሸጠው ሄደዋል፣ ወይ ስልካቸው አይሠራም። ለሦስተኛው የተማመነው በአንድ ፎቅ ነበር፤ ደረጃው ያለ ምሰሶ ከግቢው ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ከሠራው ሁሉ አብልጦ የሚወደው ቤት። ዓርብ ጠዋት ከልጁ ጋር በፒክአፑ ሄዱ። በሩ ላይ የሌላ ኮንትራክተር ታፔላ ተሰቅሏል። ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው፤ ስም በትልቁ፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር።

ልጁ ታፔላውን አሳምራ ታውቀዋለች። ሰውየው ድሮ ቀለም ቀቢ ነበር። በሩ ያረጀበት ቤት ካየ ያንኳኳና፣ «በነጻ ልቀባልዎ፤ ይችን ታፔላ ብቻ በርዎ ላይ ልስቀል» ይላል። በነጻ የመጣ ቀለም ማን ይጠላል? እንዲህ እንዲህ እያለ ከቀለም ወደ ፎቅ ተሻገረ። ለአባቷ ብትነግረው፣ «በር መቀባት ቤት መሥራት ሆነ ደግሞ?» ብሎ ሳቀባት።

የከፈቱላቸው ባለቤትየዋ ናቸው። ቤቱን ያሠሩት ባላቸው ነበሩ፤ እሳቸው ያን ጊዜ ሌላ ከተማ ያስተምሩ ስለነበር የገቡት ካለቀ በኋላ ነው። ባላቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

ልጁ የመጡበትን ነገረቻቸው። «በምን ልመንህ፣ ወንድሜ?» አሉት ዝምቴን። «ሰኞ ዕለት ለታፔላው ሰው ፈርሜለታለሁ። እሱም ለዚሁ ክሊኒክ ነው ያለኝ።»

«ቤቱን ሠራሁት አለዎት?» አለች ልጁ።

«ምን ማለት ያስፈልገዋል? በሩ ላይ ተጽፎ እያየሁት።»

ልጁ አባቷን በክርኗ ነካ አደረገችው። ተናገር እንጂ ማለቷ ነው።

«እትዬ፣ ደረጃው ውስጥ ያለውን ብረት በእጄ ነው ያሰርኩት» አለ። «ስንት እንደሆነም እነግርዎታለሁ።»

«ታዲያ ልቁጠረው ብዬ ቤቴን ላፍርስ?»

ክፉ ሆነው አይደለም። እንዲያውም አንጀታቸውን በላውና ውሃ አመጡለት። «ይህን ቤት የሠራውን ሰው ግን ዝናብ በመጣ ቁጥር እመርቀዋለሁ» አሉ። «የጎረቤቱ ጣሪያ ሁሉ ሲያፈስ እኔ ደርቄ አድራለሁ። እጁ ይባረክ።» የታፔላውን ሰው ስም ጠርተው ነው የመረቁት።

«አሜን» አለ ዝምቴ።

መኪናው ውስጥ ሲገቡ ልጁ እያለቀሰች ነበር። እሱ ግን በሐሳቡ ስምንቱ ሰዎች ጋ ነው። ወደ ታፔላው ቁጥር ደወለ። ሰውየው ወዲያው አነሳ።

«ስምንት ጥሩ ባለሙያዎች አሉኝ» አለው። «ክሊኒኩን ሲጀምሩ ይውሰዱልኝ።»

«ደስ ይለኛል» አለ ሰውየው በጨዋ ድምፅ። «ግን አላውቅዎትም። ከሠራችሁት ሁሉ ጥሩ የምትሉትን ቤት ፎቶ ይላኩልኝና ልየው።»

ልጁ እንባዋን ጠርጋ ታፔላው ፎቶው ውስጥ ሳይገባ ፎቁንና ደረጃውን አነሳችና ላከች። መልሱ ብዙ አልቆየም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችለት። «ይቅርታ፣ ይሄ እኛ የሠራነው ቤት ነው። የራስዎን ይላኩ።»

ዝምቴ ሞተሩን ሊያስነሳ የያዘውን ቁልፍ ተወው። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ።

«ይህን ቤት ስሠራ አንቺ አይተሽኛል አይደል?»

ቤቱ ሲሠራ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ወደ ሥራ ቦታው ይዟት መጥቶ አያውቅም።

«አንተ ነህ የነገርከኝ፣ አባዬ» አለችው።