የአማርኛው መስመር

ጽጌ ውሸታም ሴት አልነበረችም፤ ይህ ይታወቅልኝ። ግን ካምፓላ፣ ማኪንድዬ ሰፈር ያለው ሱቋ ሊዘጋባት ነው ብላ ስትደነግጥ ምላሷ ቀደማትና ዋሸች።

ነገሩ የጥቁር አዝሙድ ዱቄት ነው። በኮሮናው ሁለተኛ ዓመት ሰው ሁሉ የሚድንበትን ሲያስስ፣ እሷም አዝሙዱን ከአብሽ ጋር እያስፈጨች በፓኬት ትሸጥ ጀመር። ፓኬቱ ላይ በእንግሊዝኛ «ቅመም» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ ግን በአማርኛ «ለስኳር በሽታ ፍቱን» ብላ ጨመረችበት። እኛ ሐበሾች መቼም «ፍቱን ነው» ሳንል ለጎረቤት ቅጠል አንሰጥም። በአፍ ሲባል ምርቃት ነው፤ ሲታተም ምን እንደሚሆን ማን አሰበው?

የምግብ ተቆጣጣሪው ሚስተር ኦኬሎ ረጋ ያለ ሰው ነው። አንድ ቀን ሱቋ መጥቶ ፓኬቱን አገላብጦ እያየ፣ ቅመምን እንደ ምግብ መሸጥ እንደምትችል፣ በሽታ ያድናል ከተባለ ግን ሳይመረመርና ሳይመዘገብ እንደማይሸጥ አስረዳት። ከዚያ ጣቱን አማርኛው ላይ አሳረፈ።

«ይሄ ምን ይላል?»

«መልካም ምግብ» አለችው።

አመናት፤ ፈቃዷን ፈርሞላት ሄደ። ጽጌም እፎይ አለች። እሱ የማያነበው መስመር ማንን ይጎዳል ብላ ራሷን አጽናናች።

በሳምንቱ እትዬ አሰፋሽ ቤት ጎራ አለች። ካምፓላ የገባች ሰሞን ያስጠጓት፣ እንደ እናት የምታያቸው ጎረቤቷ ናቸው። አልጋ ላይ ወድቀው፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ውሃ ውሃ ይላሉ። ራስጌያቸው የስኳር ክኒናቸው ሳይነካ ተቀምጧል። አጠገቡ ያለው የእሷ ፓኬት ግን አልቋል። ክኒኑን ለምን ተዉት ብትላቸው፣ ደከም ባለ ድምፅ መለሱላት።

«የሐኪሙ ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጄ፤ አይገባኝም። ያንቺን ግን አነበብኩት።»

ጽጌ ክው አለች። መኪና ጠርታ፣ ደግፋ ሆስፒታል አደረሰቻቸው። ሐኪሙ ሁለት ቀን ቢዘገዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር አላት፤ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

በማግስቱ የቀሩትን ፓኬቶች በጆንያ ሞልታ፣ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ኦኬሎ ቢሮ ሄደች። ማንም ሳይጠይቃት ያ መስመር በእርግጥ ምን እንደሚል ነገረችው፤ ፈቃዷንም ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ኦኬሎ ጆንያውን ተረከባት። ሱቁን ለአንድ ወር ዘጋባት፤ ሲከፈት ደግሞ እውነቱን በዚያው በቋንቋዋ እንድትጽፍ አዘዛት። እሷም አልተከራከረችም።

ወሩ ሲሞላ የመጀመሪያውን አዲስ ፓኬት ለእትዬ አሰፋሽ ወሰደችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ እያሉ አነበቡ፤ «ቅመም ነው። በሽታ አያድንም። የሐኪም መድኃኒትዎን አያቋርጡ።»

«ይሄንንም አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ልክ ነው» አሉና፣ ክኒናቸውን አንስተው ዋጡ።