ወተቱ ሳይሞቅ

ዋርፋ ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ላይ ሲያነሳ ፀሐይ ገና ከእሾህ አጥሩ በላይ አልወጣችም ነበር። ቤንዚን በያዘ ጣሳ ውስጥ ነከረውና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትገው ጀመር። ሀርጌሳ ያለው መካኒክ እንዲህ ሲያደርግ ደጋግሞ አይቷል። አየ እንጂ እጁን አላስገባም። ማየትና መሥራት አንድ መስሎታል።

ትናንት ከገበያ ሲመለስ መኪናዋ እያሳለች፣ እየቆመች ነው የመጣችው። ወተት የሚልኩት ሴቶች ሁሉ አይተዋል። ሱጉሌም አይቷል። ሱጉሌ አዲስ ፒክ አፕ ከገዛ ወዲህ መንደር ለመንደር እየዞረ የሰው ጭነት ይለማመጣል። “ዋርፋ፣ ዝንጅብል አፍላላት እንጂ! ደረቷን ይዟታል” ብሎ ሴቶቹን አሳቃቸው።

ዋርፋ ሲገላበጥ አደረ። እሱንና ቤቱን የሚያኖረው ያ ወተት ነው። የግመል ወተቱን ጠዋት ከሴቶቹ ተቀብሎ ሳይሞቅ ሀርጌሳ ያደርሳል። አንድ ቀን ከቀረ ሴቶቹ ለሌላ ይሰጣሉ። ለሌላ የሰጡትን ደግሞ አይመልሱም። ስለዚህ ወተቱ ሳይመጣ ሳሉን ነቅሎ ሊጠብቃቸው አሰበ።

ሐምሌ ነው። ሐጋ የሚሉት የደረቁ ወራት ነፋስ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ አቧራውን ያንከራትታል። ካርቡሬተሩ የተነሳበት ቦታ አፉን ከፍቶ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ዋርፋ ያንን ቀዳዳ ባየ ቁጥር ልቡ አይረጋም። መካኒኩ “ሞተር የሚገድለው አቧራ ነው” ይል ነበር። ዘይት በጠጣ ጥቁር ጨርቅ አፉን ይሸፍነዋል፤ ነፋሱ መልሶ ይገልጠዋል።

በዚህ መሐል የግመል ቃጭል ተሰማ። ከቃጭሉ ኋላ የአማቱ የበይደን ድምፅ ተከተለ። በዚህ ሰዓት ይመጣሉ ብሎ አልጠበቀም።

ዋርፋ ኩልቱንን ካገባ አራት ዓመቱ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ከእናቷ ጋር አንድ ቃል አልተለዋወጠም። አማችና አማት እንዲያ ነው የሚከባበሩት። መንገድ ላይ ከተገናኙ እሱ ዞር ይላል፤ እሳቸው ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ይስባሉ። ነገር ካለ በኩልቱን በኩል ይሄዳል፤ መልሱም በኩልቱን በኩል ይመጣል። አሁን ደግሞ ዋርፋ ሽርጥ ብቻ ነው ያገለደመው። ትከሻው ራቁቱን ነው፤ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል። ነፋሱ እንዳያወጣው ጨርቁን በአውራ ጣቱ ወደ ቀዳዳው ጠቅጥቆ ወተፈውና ወደ ጓሮ ሮጠ።

ሸሚዝ ለብሶ ሲመለስ በይደን ጀሪካኖቻቸውን አውርደው፣ ከግራሩ ጥላ ሥር ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ሌሎቹም ሴቶች ጀሪካኖቻቸውን ይዘው መድረስ ጀምረዋል።

“አንተ፣ ሞተሩን ዘርግፈኸው ነው እንዴ የምትሄደው?” አለች ኩልቱን። “ሰዉ መጣ እኮ!”

“ደረስኩ። ብሎን ማሰር ብቻ ነው የቀረኝ።”

“ትናንትም ደረስኩ ብለህ ፀሐይ ጠልቃ ነው የመጣኸው።”

ጎረቤታቸው ቡሌም መፋቂያውን እያኘከ ብቅ አለ። ቡሌ መኪና ኖሮት አያውቅም፤ ምክር ግን አያልቅበትም። “ቀስ በል” አለ። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እሱን ገልብጠህ እንዳታስገባው።”

“አልገለበጥኩትም።”

“ከእኔ ወገን ሲታይ የተገለበጠ ይመስላል።”

ዋርፋ ለእሱ ሲመልስ፣ ለሚስቱ ሲመልስ፣ የሴቶቹን ጉርምርምታ ሲያዳምጥ፣ እጁ ብቻውን ይሠራ ነበር። ካርቡሬተሩን ቦታው ላይ አስቀመጠ። ብሎኖቹን አሰረ። ወደ ቀዳዳው አላየም። ቢያይም ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው ጮኸ፤ ሞተሩ አልተነሳም። ደገመው። ትን እንዳለው ሰው አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገና ጭጭ አለ።

“ካንዴላ ነው” አለ ቡሌ።

ካንዴላዎቹን ፈታ፣ ጠረገ፣ መለሰ። አልተነሳም።

“ቤንዚን አልደረሰውም።”

የቤንዚኑን ቱቦ ነቀለ። ፊቱ ላይ ፈሰሰበት። ቤንዚኑ ደርሷል።

“እንግዲያውስ ባትሪ ነው።”

“አሁንማ አዎ፣ ባትሪ ነው” አለች ኩልቱን። “አንተ ስትመክር፣ እሱ ሲያዞር አለቀ!”

ጥላው እየሸሸ ነው። በይደን ተነስተው ጀሪካኖቻቸውን ወደ ጥላው ሳቡ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ሳቡ። አንዲት ሴት ክዳን ከፍታ አሸተተችና መልሳ ዘጋችው። ዋርፋ አይቷታል። ከገበያ ስልክ ይደወላል፤ ኩልቱን ታየውና አታነሳውም።

ከውጭ ጥሩምባ ተነፋ። ሱጉሌ ነው።

“ሰላም ለዚህ ቤት! ሳሉ ለቀቃት?” ከበሩ ሳይገባ ተጣራ። “ኤዶዎቼ፣ አክስቶቼ፣ ወተት አያዝንም፣ ጫኑ! ዛሬ እኔ አደርሳለሁ፣ ከነገም ጀምሮ እኔው።”

ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ በይደንን አዩ፤ በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ናቸው። በይደን ከጀሪካኖቻቸው አጠገብ አልተነሱም። በመጨረሻ አንዷ ጀሪካኗን አነሳች። “ዋርፋ ልጃችን ነው” አለች፤ “ወተቱ ግን ልጃችን መሆኑን አያውቅም።” ሌሎቹም ተከተሏት። ኩልቱን እንዳይጭኑ ልትለምን ከኋላቸው ሮጠች። ጠብ አያመልጠውምና ቡሌም ሄደ።

ግቢው ውስጥ ዋርፋ፣ አማቱና ግመሉ ቀሩ።

ዋርፋ ሌላ ብሎን ሊፈታ አጎነበሰ። የትኛውን እንደሚፈታ አያውቅም፤ እጁን ግን ማሳረፍ አልቻለም።

በይደን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “አንተ ግመል!” አሉ ጮክ ብለው። “ዕቃ የወተፈ ሰው መጀመሪያ ውታፉን ያወጣል።”

ዋርፋ ለግመሉ የተነገረ መስሎት ቀና አላለም። ግመሉም ማላመጡን አላቆመም።

ከውጭ የሱጉሌ ሞተር ተነሳ። በይደን ወደ በሩ አዩ። ልጃቸው አልተመለሰችም፤ ቃል የሚያደርስ ሰው የለም። ጀሪካኖቹን በእጃቸው ዳሰሱ። ለብ ብለዋል።

“ዋርፋ!”

ዋርፋ ደንግጦ ቀና ሲል ራሱ ከኮፈኑ ጋር ተጋጨ። ማን እንደጠራው ወዲያው አልገባውም። ያ ድምፅ ስሙን ጠርቶት አያውቅም።

“ጨርቁ የት ሄደ?”

“የቱ... የቱ ጨርቅ፣ ኤዶ?” መሬት መሬት እያየ ነው።

“ከዚያ ሆዷ ውስጥ የወተፍከው ነዋ! እኔን አይተህ ስትሮጥ። እኔ የመኪና ነገር ምን አውቄ፣ እዚያው የሚኖር ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ደግሞስ ምን ብዬ ልናገርህ? አሁን ግን ወተቴ እየሞቀ ነው።”

የዋርፋ ፊት ጠቆረ። ቁልፉን ሲያነሳ ወደቀበት። ብሎኖቹን በጥድፊያ ፈታ፣ ካርቡሬተሩን ብድግ አደረገ። ጨርቁ እዚያው ነው፤ ጫፉ ብቻ ወደ ውስጥ ተስቧል። በፒንሳ ይዞ ጎተተው። ተቦጫጭቆ ወጣ። የቀረውን ክር ሞተሩ ውጦት እንደሆነ አላህ ነው የሚያውቀው። ለመፈለግ ጊዜ የለም። መልሶ ገጠመ፤ አሁን ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ አይቶ ነው የገጠመው።

ኩልቱን ላብ በላብ ሆና ተመለሰች፤ ቡሌም ተከትሏታል። “ጫኑለት” አለች። “ሁሉም ጫኑለት።”

“ግፉ!” አለ ዋርፋ።

ባትሪው ሞቷል። የበይደንን ጀሪካኖች ጫኑና ኩልቱንና ቡሌ ከኋላ ገፉ። አልተነቃነቀችም። ያን ጊዜ በይደን ሻሻቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ትከሻቸውን ከቡሌ አጠገብ አስደገፉ። መኪናዋ ወደ ደረቁ ወንዝ የሚወስደውን ቁልቁለት ያዘች። ዋርፋ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተነሳች።

በይደን ከኋላ፣ ከጀሪካኖቻቸው መሐል ወጡ።

“እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ወዴት ነሽ?” አለች ኩልቱን።

“ወተቴ ወደሚሄድበት። መንገድ ላይ ብትቆም የሚገፋት ማን ነው?”

በመንገዱ ሁሉ መኪናዋ ባሳለች ቁጥር ዋርፋ ወንበሩ ላይ ይነሳል፣ ይቀመጣል። ፍጥነቱን ሲቀንስ አማቱ የጋቢናውን ቆርቆሮ ይደበድባሉ። ሲጨምርም ይደበድባሉ። የትኛውን እንደፈለጉ ሳያውቅ ሀርጌሳ ደረሰ።

ገበያው ውስጥ ሞተሩን ለማጥፋት ስላልደፈረ አልወረደም። እግሩን የቤንዚኑ ፔዳል ላይ አድርጎ በመስኮት ያያል። በይደን እያንዳንዱን ጀሪካን እየከፈቱ ቀመሱ። አንዱ ኮምጥጧል፤ እርጎ ተብሎ በርካሽ ሄደ። ሌላው ዳነ። ከማዶ የሱጉሌ መኪና ቆሟል። የመንደሩ ሴቶች ባዶ ጀሪካኖች እዚያ እየተጫኑ ነው። ዋርፋ አንድ በአንድ አወቃቸው፤ የማን ክዳን ቀይ እንደሆነ፣ የማን እጀታ በገመድ እንደታሰረ።

በይደን ባዶ ጀሪካኖቻቸውን ይዘው መጡ።

“ኤዶ በይደን!” አለ ሱጉሌ፣ በሩን ተደግፎ። “እዚህ ቦታ አለ። ይቺ ሳለኛ መሐል ሜዳ ላይ ነው የምታስቀርዎት።”

“ካስቀረችኝ አንተው ታነሳኛለህ” አሉና አለፉት።

ጀሪካኖቹ ከዋርፋ ጀርባ ተንኳኩተው ወደቁ። መኪናዋ በሰው ክብደት ዝቅ አለች። ዋርፋ ዞሮ አላየም። እግሩን ፔዳሉ ላይ አድርጎ የሚመጣውን የቆርቆሮ ምት ጠበቀ። ምቱ መጣ። ማርሽ አስገባ። ሞተሩ ሳል አለና ጎተተ።