ሽማግሌ የተላከበት እርማት

ፈውዚያ እልኸኛ ናት። አዳማ ገበያ አጠገብ ባለው የዘር መሸጫ ሱቅ አብረዋት የሚሠሩት ሁሉ ይህን ያውቃሉ። ሽንኩርት መቼ ውሃ መጠጣት እንዳለበት የሚናገረውን ነፃ የስልክ መተግበሪያ፣ የመልካሳ አካባቢ አምራቾች ማኅበር እንዲጠቀምበት ያግባባችው እሷ ናት። መተግበሪያው ባለቤት የለውም፤ የቻለ ሁሉ ያሻሽለዋል። መመሪያውን ወደ አማርኛ የመለሱት ግን የቀድሞ አስተማሪዋ ጋሼ ዘገዬ ናቸው። ጡረታ ወጥተው፣ በስልካቸው እየነካኩ፣ ክረምቱን ሙሉ ለፉበት። ግድፈቱም የልፋታቸውን ያህል በዛ።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ኦቦ ጉቱ የመጀመሪያውን ገጽ አንብበው ስልኩን አስቀመጡት።

«ፊደል ያልቆጠረ መመሪያ እንዴት አድርጎ ሽንኩርቴን ያጠጣልኛል? ለቅዳሜው ስብሰባ ካልተስተካከለ በግምታችን እንቀጥላለን» አሏት።

አስተካክለዋለሁ ብላ ቃሏን ሰጥታለችና ፈውዚያ ግድፈቱን አንድ በአንድ ለቀመች። ከዚያም ሰው ሁሉ በሚያየው ገጽ ላይ «ይህ ጽሑፍ በስህተት የተሞላ ነው፤ አርሜዋለሁ» ብላ ላከች። በአማርኛው መመሪያ ላይ እርማት የሚገባው ጠባቂው ጋሼ ዘገዬ ሲያጸድቁት ነው። እሳቸው ደግሞ የገጹን አድራሻ ላስተማሩት ተማሪ ሁሉ ልከው ነበር፤ ኩራታቸው ነበራ! መልሳቸው አንድ ቃል ሆነ፦ «ውድቅ።»

ደግማ ላከች። ውድቅ። መዝገበ ቃላት ጠቅሳ ላከች። ውድቅ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው።

«ልክ ነኝ እኮ!» አለች ለኦቦ ጉቱ፣ ስልኳን እያሳየቻቸው።

«ልክ ነሽ። ግን ከፍትፍቱ ፊቱ ነው፣ ልጄ። ሰውዬውን በተማሪዎቻቸው ፊት አዋረድሻቸው።»

«ታዲያ ግድፈቱን ልተወው?»

«ማን ተይው አለሽ? ሽማግሌ ላኪ።»

አዳማ ብዙ ሽምግልና አይታለች፤ ለፊደል ግድፈት ሽማግሌ ሲላክ ግን ያየች አይመስለኝም። ፈውዚያ አልሳቀችም። ዐርብ አጎቷ ሐጂ መሐመድዘይን ከመስጊድ እንደወጡ፣ እሳቸውና ኦቦ ጉቱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው ወደ ጋሼ ዘገዬ ቤት ሄዱ።

«አካም ጅርቱ፣ ጋሼ ዘገዬ» አሉ ኦቦ ጉቱ ከደጃፉ።

«ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ!»

«እሺ ካላሉን አንቀመጥም» አሉ ሐጂ።

ጋሼ ዘገዬ ግን ዓይናቸው ፈውዚያ ላይ ነበር። «ቤቴን ታውቂው የለም? መጥተሽ ብትነግሪኝ እበላሽ ነበር?»

ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ አለች፤ ትከሻዋን ይዘው አነሷት።

«ስላዋረድኩዎት ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ። ስለ እርማቱ ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ነገ ማኅበሩ መመሪያውን ከጣለው ልፋትዎ ሜዳ ላይ ይቀራል። እኔ ያንን ማየት አልችልም።»

ሐጂ ሽምግልናው የፈረሰ መስሏቸው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ጋሼ ዘገዬ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ድሮም እንዲህ ነበረች» አሉ፣ ስልካቸውን እያወጡ። «በሉ ተቀመጡ። አንቺ አንብቢልኝ።»

አነበበች። እሳቸው ተከራከሩ፣ ተቆጡ፣ አንዳንዱንም ረቱ፤ የቀረው እርማት ሁሉ ጸደቀ። ሲጨርሱ የማጽደቁን ሥልጣን ለእሷ አስተላለፉላት። «ከእንግዲህ ጠባቂው አንቺ ነሽ» አሏት።

ቅዳሜ ማኅበሩ መመሪያውን ተቀበለ። ፈውዚያ ሱቅ ውስጥ ሆና ደስታዋን ገና ሳታጣጥም ስልኳ ጮኸ። እሷ ራሷ በጻፈችው ዓረፍተ ነገር ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ገጽ፣ እርማት መጥቷል። ላኪው ጋሼ ዘገዬ ናቸው።

ፊቷ በርበሬ መሰለ። «ሱቄን ያውቁት የለም? መጥተው ቢነግሩኝ እበላቸው ነበር?» ብላ ጮኸች።

ከአፏ የወጣውን ራሷ ሰማችው። እርማቱን ደግማ አየችው። ልክ ናቸው። «ውድቅ» የሚለው ጣቷ ሥር ነበር፤ አማራት። ጥርሷን ነክሳ «ጸድቋል» የሚለውን ተጫነች፤ ከሥሩም ሰው ሁሉ እንዲያየው «አመሰግናለሁ፣ ጋሼ» ብላ ጻፈች።